የመዝገቡ ወፍጮና የኮካው ግራር

ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ወደ ወንዙ በሚወርደው ኮረኮንች መንገድ ላይ፣ ከልኳንዳ ቤቱ ቀጥሎ፣ በሩ ድሮ አረንጓዴ የነበረ የቆርቆሮ ቤት አለ። የመዝገቡ ወፍጮ ቤት ነው። ድሮ አረንጓዴ የነበረ ያልኩት ቀለሙ ለቆ ሳይሆን ዱቄት ስለለበሰ ነው። እዚያ ቤት ዱቄት ያልለበሰ ነገር አልነበረም። ማገሩ፣ የሸረሪት ድሩ፣ የገብርኤል ሥዕል መስተዋት፣ የመዝገቡ ቅንድብና በጆሮው ቀዳዳ የበቀለው ፀጉር ሳይቀር ነጭ ነበር። ሚስቱ እማዋይሽ፣ "ከእኔ ቀድመህ ሸበትክ ብዬ ስደሰት እሰነብትና ቅዳሜ ገላህን ስትታጠብ ታናድደኛለህ" ትለው ነበር።

በዚያ ወፍጮ ቤት ወረፋ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው። ሰው እህሉን አምጥቶ ከፊተኛው ዕቃ ኋላ ያስቀምጥና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እኔ ከደጃፉ አግዳሚ ጫፍ ላይ መቀመጥ ስለምወድ፣ የሰፈሩን ሰው ከፊቱ ይልቅ በዕቃው እለየው ነበር። አፉ የተቆረጠው ቢጫ ጀሪካን የሀኒፋ ነው። ሀኒፋ የበርበሬ ነጋዴው የሬድዋን ባለቤት ናት። ክዳኑ በሽቦ የታሰረው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ የልኳንዳው የበንቲ ቤት ነው። ጥጉ በሰማያዊ ክር የተጣፈ አንድ ጆንያም ነበር፤ የእሱን ባለቤት ግን ለረጅም ጊዜ አላወቅናትም። ገና በማለዳ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ትመጣለች፣ ሰላምታዋን በአንገቷ ብቻ ሰጥታ ጥግ ትይዛለች፣ ሲፈጭላት ተሸክማ ትወጣለች። ጉንፋን የማይለቃት ሴት ትመስለን ነበር።

የአፈጫጩም ተራ እንደ ቅዳሴ ሥርዓት የታወቀ ነው። ጠዋት ጤፍ ይገባል። ቀጥሎ ስንዴና ገብስ፣ ከዚያ ሽሮ፣ በመጨረሻ በርበሬ። በርበሬ ከወጣ በኋላ መዝገቡ መስኮቱ ላይ ካለው ጣሳ በቆሎ አንስቶ ለወፍጮው ያጎርሰዋል። "አፉን ላጉመጥምጠው" ይላል። በቆሎው የድንጋዩን ጉንጭ አጥቦ ቀይ ዱቄት ሆኖ ይወጣና ለእማዋይሽ ዶሮዎች ይሰጣል። በንቲ በልኳንዳ ቤቱ መስኮት ብቅ ብሎ፣ "የእናንተ ዶሮ እኮ ወጥ የሚሠራላት ሳትታረድ ነው" ይላል። እንዲህ ተብሎ የማይሳቅበት ቀን አልነበረም።

መዝገቡ "የእኔ ወፍጮ የውሃ ወፍጮ ነው" ማለት ይወድ ነበር። አዲስ ደንበኛ ይህን ሲሰማ ጎንበስ ብሎ ቦይ ይፈልጋል። ቦይ የለም። ያለው ከምሰሶው ወርዶ፣ በቆጣሪው አልፎ፣ ሞተሩ ውስጥ የሚገባ ጥቁር ሽቦ ነው። መዝገቡ ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ ያስረዳል።

"ይኸውልሽ፣ ውሃው የሚመጣው በዚህ ነው። ኮካ ላይ ከላይ ወደ ታች ይወድቅና እዚያ ያለውን መዘውር ያዞራል፣ ጉልበቱ በሽቦ እየሮጠ እኔ ዘንድ ይደርሳል። የአባቴ ወፍጮ ቦዩ ደጃፉ ላይ ነበር፤ የእኔ ትንሽ ረዘመ እንጂ ሌላ ልዩነት የለውም።"

አባቱ ተጉለት ውስጥ ከአንዲት ቀጭን ወንዝ ዳር የውሃ ወፍጮ ነበራቸው። ክረምት ሲገባ ድንጋዩ ይዞራል፤ በጋው ሲበረታ ወንዟ ትደርቃለች፣ ድንጋዩም ይቆማል። ከእነሱ ወፍጮ የወጣው ውሃ ወርዶ የጎረቤታቸውን ወፍጮ ያዞር ነበር። መዝገቡ የኮካውም ውሃ አዋሽን ተከትሎ ወርዶ እንደገና መብራት እንደሚሠራ ከአንድ የመስመር ሠራተኛ የሰማ ቀን፣ ዘመዱን እንዳገኘ ሰው ነበር ደስ ያለው። "ውሃ ሠርቶ አይጎድልም" ይላል። "ጭስ የለው፣ ጥላሸት የለው። ፈጭቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል።"

ያ ሁሉ ጨዋታ የተፈተነው በዘጠና ዓመተ ምሕረት ገደማ ነው። ክረምቱ ጠብ ጠብ ብሎ ሄደ፣ በልጉም ቀረ፣ የግድቦቹ ውሃ ወረደ ተባለ፣ መብራትም በፈረቃ ሆነ። በእኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋው ረቡዕና ዓርብ ሆነና፣ "መብራቱም ጾም ያዘ" ተባለ። ሀኒፋ ደግሞ፣ "የእናንተ ጾም ለእኛ ለእስላሞቹም ተረፈ!" እያለች ታስቀን ነበር።

እየቆየ ግን ጾሙ ጠና። በሌላውም ቀን ሳይነገር ይሄድ ጀመር። ወፍጮው እያጓራ ቆይቶ በድንገት ድምፁ ይቀጥናል፣ ይቀጥናል፣ ዝም ይላል። የሰው ጤፍ ግማሹ በጆንያ፣ ግማሹ በድንጋይ መካከል ይቀራል። መዝገቡ ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያያይዘውን ቺንጋ በእጁ ይዞ፣ የሞተ በሬ ጭራ እንደያዘ ገበሬ ይቆማል። ሰውም ዕቃውን ከወረፋው እያነሳ ወደ ላፍቶ መሄድ ጀመረ።

ላፍቶ በኩል የመኩሪያ ወፍጮ አለ። የሚሠራው በናፍጣ ነው። ዱግ ዱግ ዱግ ሲል እስከ እኛ ሰፈር ይሰማል፤ ጥቁር ጭሱ ያኔ ገና እርሻ በነበረው ሜዳ ላይ እንደ ቆብ ይቀመጣል። መብራት ኖረ አልኖረ ግን አይቆምም። ችግሩ ዱቄቱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። በንቲ ከዚያ ዱቄት የተጋገረ ቂጣ በልቶ፣ "ጋራዥ ውስጥ ቁርስ የበላሁ መሰለኝ" ብሎ ነበር። ቢሆንም የተራበ ሰው አያሸትም። ሰዉ ወደዚያው ሄደ።

መኩሪያ ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ሆዱ ትልቅ፣ ሳቁ ከሆዱ የሚበልጥ ሰው ነው። አንድ ቀን ከመዝገቡ በር ላይ ቆመ።

"መዝገቡ፣ አሁንም ደመና እየጠበቅህ ነው?"

"ይመጣል።"

"ሲመጣ ንገረኝ፣ ጃንጥላ ይዤ እደርሳለሁ" አለና ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስማኝ ወንድሜ፣ ለአንተ አስቤ ነው። እኔ ትልቅ ሞተር እያስመጣሁ ነው። አሮጌዋን አንተ ውሰዳት። የኤሌክትሪኩን ንቀልና ሽጠው፣ ፈላጊ አለው። ታዲያ ፍልሰታ ሳይገባ ቁርጡን ንገረኝ፤ አለበለዚያ ለቡ ያለ ሰው ይፈልጋታል" አለው።

መዝገቡ የሞተሩን ዱቄት በእጁ ጠረገ። የኤሌክትሪኩ ሞተር አንዴ ከተነቀለ ተመልሶ እንደማይተከል ያውቃል። ሞተሩን ሲገዛ እማዋይሽ ከእናቷ የወረሰችውን የብር ድሪ ሸጣ ነው የረዳችው። አሁን ግን ሞተሩ ይነቀል ባይዋ እማዋይሽ ራሷ ሆነች።

"አንተ ሰውዬ" ትለዋለች፣ "ሰው እህሉን ይዞ የሚሄደው ወደሚዞር ድንጋይ ነው። የቆመ ድንጋይ ግቢያችንም ሞልቶናል።"

"ትንሽ እንታገሥ።"

"ማንን ነው የምንታገሠው? ደመናውን?"

እሱ የሚታገሠው ግራሩን ነበር።

የግራሩ ነገር እንዲህ ነው። ሬድዋን በርበሬውን ከአላባ ጭኖ የሚመጣው በመቂ አድርጎ፣ በኮካ ሐይቅ ዳር አልፎ ነው። መዝገቡ በመጣ ቁጥር "ሐይቁ እንዴት ነው?" እያለ ያደርቀዋል። ሬድዋን መጀመሪያ "ደህና ነው"፣ "ያው ነው" እያለ ይመልስ ነበር። መዝገቡ ግን ወፍጮኛ የወፍጮኛ ልጅ ነውና በ"ደህና ነው" አይረካም። በመጨረሻ ሬድዋን ከመንገዱ የሚታይ አንድ የደረቀ ግራር ምልክት አድርጎ ያዘለት። ሐይቁ ሲሞላ ከግራሩ የሚታየው ወፍ የሚያርፍበት ጫፉ ብቻ ነው። ውሃው ሲቀንስ ትከሻው፣ ቀጥሎ ወገቡ ይወጣል። በዚያ ዓመት እግሩ ድረስ ወጥቶ፣ ዙሪያው ያለው መሬት ደርቆ፣ ፍየሎች ከሥሩ ይተኙ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የወፍጮ ቤቱ ሰላምታ ሁሉ ተለወጠ። ሬድዋን ከመኪናው ገና አንድ እግሩን ሲያወርድ፣ ኮካን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ እናቶች ሳይቀሩ ከአግዳሚው ላይ፣ "ግራሩስ?" ይሉታል።

"ደህና ዋልክ አይባልም እንዴ? እኔ ከግራር አንሳለሁ?" ይላል ሬድዋን።

"አንተማ ይኸው ደህና ነህ። ግራሩስ?"

አንድ ቀን ደግሞ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። ላንጋኖ አጠገብ መሬት እየቆፈሩ ከሥር በሚወጣው እንፋሎት መብራት ሊሠሩ ነው አለ።

"እንፋሎት?" አለ መዝገቡ።

"አዎ። ዝናብ አይጠብቅም አሉ። ወላሂ ሲነፋ ከሩቅ ይታያል።"

"ታዲያ ከሥር ማነው እሳቱን የሚያነደው?"

"እሱን ከጣደው ጠይቅ" አለ ሬድዋን፣ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ።

መዝገቡ ይህን ነገር ወደደው። "ውሃው ሲደክመው እንፋሎቱ የሚያግዘው ከሆነ ጥሩ ነው፤ ወንድማማች ናቸው" አለ። ለእሱ ግን የእንፋሎቱ ነገር ገና ሩቅ ነበር፤ ፍልሰታ ደግሞ ቅርብ ነው።

ሐምሌ ገባ። መካኒሳ በጭቃ ተጨማለቀች፤ ጭቃው ጫማችንን እያወለቀ ያስቀርብን ነበር። እማዋይሽም ትንሽ ተስፋ አድርጋ ነበር። ከፍልሰታ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ሬድዋን በርበሬውን ጭኖ ደረሰ። መዝገቡ ወፍጮውን ትቶ ወደ በሩ ወጣ።

"ግራሩስ?"

ሬድዋን ባርኔጣውን አወለቀ። "አልዋሽህም መዝገቡ። ፍየሎቹ እዚያው ናቸው። ዝናቡ እዚህ ነው እንጂ እዚያ ገና አልደረሰም።"

መዝገቡ እሺ ብሎ ወደ ውስጥ ተመለሰ። እማዋይሽ ሽሮ እየለቀመች ነበር። አጠገቧ ቆሞ፣ "እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለመኩሪያ እሺ እለዋለሁ" አላት። እሷም፣ ለወራት የጨቀጨቀችው ሴት፣ ቀና ብላ አየችውና ወደ ሽሮዋ ተመለሰች።

ሬድዋን በርበሬው ለመርካቶ በጊዜ መድረስ አለበትና ከሌላው በፊት ይፈጭልኝ ብሎ ለመነ። መዝገቡ በሌላ ቀን ቢሆን፣ "በአቦ ስም! ጤፍ ሳይገባ በርበሬ?" ብሎ ያባርረው ነበር። ያን ቀን ግን "አምጣው" አለ። በርበሬው ገባ፤ ሁላችንም አስነጠስን፤ ወጣ። ቀጥሎ ተራዋ የደረሰው ያቺ በሰማያዊ ክር የተጣፈች ጆንያ ነበረች። መዝገቡ አንስቶ ከወፍጮው አፍ ላይ ገለበጣት። የበቆሎው ጣሳ መስኮቱ ላይ፣ የገብርኤል ሥዕል ሥር፣ ሳይነካ ቀረ። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

ቅዳሜ ወፍጮ ቤቱ ሞልቶ ነበር። መብራት አለ፣ ለፍልሰታ ሽሮ የማያስፈጭ የለም፤ ወረፋው ከበሩ አልፎ እስከ በንቲ ደጃፍ ተዘርግቷል። መኩሪያ ከሩቅ እየገሰገሰ ሲመጣ አየነው። ፊቱ ቀልቷል፣ ዓይኑ ዕንባ አቅርሯል። መዝገቡ እሺ ለማለት እሑድን ሲጠብቅ፣ ሰውየው ራሱ መጣለት አልን።

"መዝገቡ! ምንድነው ያበላኸኝ?" አለ መኩሪያ።

መዝገቡ ሞተሩን አጠፋ። "እኔ? አንተን?"

"አዎ! እንጀራው እሳት ነው! አንዴ ብጎርስ ምላሴ ነደደ። ልጆቹ አለቀሱ። እንግዳዬ በስንት ውሃ ነው የተመለሰው! ቢጨንቀኝ ብርነሽን አፋጠጥኳት፣ ጤፉን ያስፈጨሁት መዝገቡ ዘንድ ነው አለችኝ። በርበሬ ፈጭተህ ሳታጸዳ ነው እንዴ የሰው ጤፍ የምትጨምረው?"

ብርነሽ የመኩሪያ ሚስት ናት። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ነጠላ እስከ ዓይኗ የምትከናነበውን ሴት አስታወስን። መኩሪያም ከአፉ የወጣውን ነገር የሰማው ከእኛ ኋላ ይመስለኛል፤ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ሀኒፋ ቢጫ ጀሪካኗን ታቅፋ፣ በጣም በትሕትና፣ "ጋሽ መኩሪያ" አለች። "የእርስዎ ወፍጮ ምን ነካው? መብራት ጠፋበት እንዴ?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ እንዴት ብዬ እጽፈዋለሁ። አንዷ ሽሮዋ ላይ ተደፋች። በንቲ ቢላዋውን ይዞ ከልኳንዳ ቤቱ ሮጦ መጣ፤ "ምን ተባለ? ምን ተባለ?" ይላል፤ የሚነግረው ሰው ግን ጠፋ፣ ሁሉም ሆዱን ይዟል።

መኩሪያ መጀመሪያ ሊቆጣ ሞከረ። ጣቱን አነሳ፣ አወረደው። ቀጥሎ ያ ትልቅ ሆዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አግዳሚው ላይ ዘፍ ብሎ፣ ዕንባውን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ሳቀ።

"ከፋሲካ ጀምሮ ነው አለችኝ እኮ" አለ። "ከፋሲካ! እኔ ደግሞ ማዕድ በቀረበ ቁጥር፣ 'ዘንድሮ ወፍጮዬ አማረበት፣ ዱቄቱ ሽታ የለውም' እያልኩ ስኮራ ነበር። እሷም 'አዎ፣ አማረበት' ትለኛለች። ለካ ስበላ የከረምኩት የአንተን የውሃ ዱቄት ነው!"

"ዱቄቱን ስትነፋው አላስነጠሳትም?" አለች ሀኒፋ።

"አስነጠሳት እንጂ! ግን ለማን አቤት ትበል? ለእኔ?"

እንደገና ተሳቀ። ያልሳቀው መዝገቡ ብቻ ነበር። ወደ መስኮቱ ሄዶ ጣሳውን አነሳ፤ በቆሎው ማክሰኞ እንደነበረ አለ። "አፉን ሳላጉመጠምጥ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። አሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።" ከጓዳ የራሱን ጤፍ አምጥቶ፣ ወፍጮውን አስነስቶ በበቆሎ አጥቦ፣ በሰው ሁሉ ፊት ፈጨና አዲስ ጆንያ ሞልቶ ለመኩሪያ አስታቀፈው።

እማዋይሽ እስከዚያ ድረስ ከወፍጮው ጀርባ ቆማ ነበር። እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ወደ ፊት መጣች።

"ጋሽ መኩሪያ፣ ስለ ሞተሯ እናመሰግናለን" አለችው። "ለለቡው ሰው ይስጧት። የወፍጮው እመቤት ያልበላችውን ዱቄት እኛ ለጎረቤት ልንፈጭ አንችልም።"

መዝገቡ ዞሮ አያት። ያ ነጭ ቅንድቡ እስከ ግንባሩ ወጣ። መኩሪያ ጆንያውን ትከሻው ላይ አደረገና፣ "ከሚስቶች ጋር ማን ይከራከራል!" ብሎ እየሳቀ ወረደ።

መብራቱ በነጋታው አልተስተካከለም። ረቡዕና ዓርብ መጥፋቱን አልተወም። ግን ነገሩ ከመካኒሳ ተነስቶ ላፍቶ ደርሶ ተመልሷልና፣ ሄደው የነበሩ ዕቃዎች አንድ በአንድ ወደ ወረፋው ተመለሱ። "ባለቤቲቱ የማትበላውን እኛ ምን ቤት ነን?" እያሉ፣ መብራቱ እስኪመጣ መጠበቁን መረጡ። መዝገቡም መብራት በሚጠፋበት ቀን ድንጋዩን ይወቅራል፤ እማዋይሽ ከሀኒፋ ጋር በርበሬ ትቀነጥሳለች። እንደ ድሮው ሞላ ባይባልም ቤቱ አልተዘጋም።

ነሐሴ ሲጋመስ አንድ ከሰዓት በኋላ የሬድዋን መኪና ጥሩንባ ከላይ ከአስፋልቱ ጀምሮ ሲጮህ ተሰማ። ሰርግ ያለ መሰለን። ሬድዋን መኪናው ሳይቆም አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"አንገቱ ድረስ ገባ! ግራሩ አንገቱ ድረስ ገባ!"

እልልታው ቀለጠ። አንዲት መንገደኛ ቆማ፣ "ማን ወለደ?" ብላ ጠየቀች።

መዝገቡ ኮካን ያየው ያን ጊዜ ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን በሽቦ እንጂ በዓይኑ አያውቀውም ነበር። ሬድዋን በሚቀጥለው ጉዞው አሳፍሮ ወሰደው። ከሐይቁ ዳር ሲደርሱ መዝገቡ ብዙ ቆሞ አየ፤ ግራሩን፣ ጫፉ ላይ ያረፈችውን ወፍ፣ እስከ ማዶ የተኛውን ውሃ። ከዚያ ከኪሱ አንድ ጭብጥ የጤፍ ዱቄት አወጣ። አባቱ በየዓመቱ ውሃ ሞልቶ ድንጋዩ መዞር ሲጀምር የመጀመሪያዋን ጭብጥ ዱቄት ለወንዟ ይሰጧት ነበር። "እንካ፣ ያንተው ነው" ብሎ በተነው። ነፋሱ ግን ከሐይቁ በኩል ይነፍስ ነበርና ዱቄቱ በሙሉ ተመልሶ ሬድዋን ጢም ላይ አረፈ።

"ወላሂ፣ ይሄ ሐይቅ ጠግቧል!" አለ ሬድዋን እያራገፈ።

መዝገቡ ከኮካ እንደተመለሰ የበቆሎውን ጣሳ ከመስኮቱ አንስቶ የወፍጮው ማብሪያ እጀታ ላይ በሲባጎ አንጠለጠለው፤ ጣሳውን ሳይነካ ወፍጮውን ማስነሳት አይቻልም። ለእንቁጣጣሽ ሳምንት ወረፋው ሲረዝም ያቺ በሰማያዊ ክር የተጣፈች ጆንያ ከሁሉም ፊት ተቀምጣ ነበር። ብርነሽ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ መልኳን ገልጣ፣ ከአግዳሚው መካከል ከእኛ ጋር ተቀምጣለች። ጉንፋኗ ሙሉ በሙሉ ለቋታል። ተራዋ ሲደርስ ብድግ ብላ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

"ጋሽ መዝገቡ፣ ዛሬ አፉን ተጉመጥምጧል?" አለች።